«ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ» የሚባለውን ኪቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት

ዓይነ ስውር የሆነችው የእህቴ ልጅ ፒያኖ መማር ስለጀመረች፣ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ «ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ» የተባለ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ገዛሁላት። ያው ሞዴል ሌላ ሱቅ ውስጥ በ9,000 ብር ቀንሶ እንደሚሸጥ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ተጨማሪውን ገንዘብ የከፈልኩት በየቁልፉ ላይ ለተለጠፉት የብሬል ምልክቶች ሲሆን፣ ልጅቷ ጣቷን ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሳ ከዳሰሰቻቸው በኋላ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልሙጥ ነው» አለችኝ። ለካ ነጥቦቹ በቀለም የታተሙ ናቸው፤ ዓይን ላለው ሰው ብቻ የሚነበብ ብሬል ገዝቻለሁ።

ነጥቦቹ ጎርበጥ ያሉ ቢሆኑም እንኳ እምብዛም ባልጠቀሙ ነበር። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ስለተደረደሩ፣ ጥንዶቹን በዳሰሳ ያገኘ ሰው ከእነርሱ በስተግራ ያለው ነጭ ቁልፍ ዶ መሆኑን ያውቃል፤ የቀሩትንም ከዚያ ይቆጥራል። በዚያ ላይ የተለጠፉት ሲ፣ ዲ፣ ኢ (ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ) የሚሉት ፊደላት ናቸው፤ ሙዚቃ በብሬል በሚጻፍበት በብሬል ኖታ ግን ዶ የሚጻፈው በዲ፣ ሬ ደግሞ በኢ ቅርጽ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ኖታውን ለምትማር ልጅ ምልክቱ ጭራሽ ግራ የሚያጋባ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ስክሪኑ ነው። የድምፅ ዓይነት መምረጫውም፣ ምት የሚቆጥረው ሜትሮኖሙም፣ ቅኝት መቀየሪያውም በንክኪ ብቻ የሚሠሩ ሲሆኑ መሣሪያው የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለዚህ ልጅቷ ሜትሮኖም ማብራት በፈለገች ቁጥር የሚያይ ሰው መጥራት ግድ ሆኖባታል። ሻጩ ይህንኑ ስክሪን «ዘመናዊ» ብሎ ነበር ያሞገሰልኝ።

ልመልሰው ብሄድ «ካርቶኑ ተከፍቷል» ተባልኩ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያሳስት ማስታወቂያ የሚከለክል ቢሆንም፣ በእጄ ያለው ደረሰኝ «ኪቦርድ 1» ከማለት ውጭ ለማን እንደተዘጋጀ አይገልጽም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ተማሪውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማንም ሳያግዘው መሣሪያውን ያብራ፣ ድምፅ ይቀይር፣ ሜትሮኖሙን ያስነሳ። በእጅ የሚለዩ ቁልፎችና የሚዞሩ መቆጣጠሪያዎች ያሉት ተራ ኪቦርድ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ (በስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) በኮምፒውተሩ ላይ ለሚሠራው ሥራ ያግዛል። «ለዓይነ ስውራን» የሚለውንም ቃል ሻጩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ፤ ካንገራገረ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ።

እኛ ምልክቶቹን ልጠናቸዋል፤ ማጣበቂያው ግን እስካሁን ጣቷን ይይዛታል።