«ሀግ ኦቭ ተንደር» ከወራት በኋላ፦ የሐረጎ መንገድ ፈተና

«ሀግ ኦቭ ተንደር» የተባለውን የካናዳውያኑን የብሮክን ሶሻል ሲን አልበም በሲዲ የላከችልኝ ቶሮንቶ ያለችው እህቴ ናት። እኔ ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። መኪናዬ ሲዲ ማጫወቻዋ እስካሁን የሚሠራ አሮጌ ኮሮላ ናት። ስለዚህ ይሄን አልበም በብዛት የሰማሁት በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወርድና ስወጣ ነው። ወራት ስላለፉት አሁን የቱ እንደሰለቸኝ፣ የቱ እንደቀረልኝ ለይቻለሁ።

ብሮክን ሶሻል ሲንን ባንድ ከማለት ስብስብ ማለት ይሻላል። ኬቪን ድሩና ብሬንዳን ካኒንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ቶሮንቶ ላይ ጀመሩት። አባላቱ አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ከአሥራ አምስት በላይ ናቸው። ዘፋኟ ፋይስትም ሆነች ሜትሪክ የተባለው ባንድ ዘፋኝ ኤሚሊ ሄይንስ የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ሲመቻቸው ይመጣሉ። ይሄ አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ከ2010ሩ አልበማቸው በኋላ ሰባት ዓመት አዲስ አልበም ሳያወጡ ከርመው። ፕሮዲዩሰሩ ጆ ቺካሬሊ ነው።

ወሎ ላደገ ሰው በቡድን መዝፈን ብርቅ አይደለም። የላሊበላ ኪነት አገር ነው። እኛ ጋ ግን አንዱ ፊት ይወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማሲንቆውም የዘፋኙን ዜማ ተከትሎ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚናገሩት። ጊታር በጊታር ላይ፣ ከዚያ ጥሩምባ፣ ከኋላ ደግሞ የስንቱ ድምፅ። አምባሰልና ባቲ የለመደ ጆሮ ዜማውን ቢፈልግ ቢፈልግ ቶሎ አያገኘውም። አብረውኝ የሚመላለሱ አንድ ጋሼ ትንሽ ታግሰው ሰሙና «ተራ የላቸውም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ተራ የላቸውም።

ሁለተኛው ዘፈን «ሃፍዌይ ሆም» መጀመሪያ ሰሞን ነፍሴን ነው የወሰደው። ጠዋት ጉሙ ገና ከጦሳ ሳይነሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ መውረድ ነበር። ግን ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሰጥቶ ጨረሰ። አሁን ሲመጣ እዘለዋለሁ።

ሰባተኛው፣ የአልበሙን ስም የያዘው፣ የተገላቢጦሽ ነው። የምትዘፍነው ፋይስት ናት። ሲጀምር ቤዙ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ እሷም ከመዝፈን ይልቅ ለአንድ ሰው የምታወራ ትመስላለች። ቁልቁል ስወርድ በከባድ ማርሽ ስለምይዛት የሞተሩ ጩኸት ቤዙን ይውጠዋል፤ ለሳምንታት ይሄን ዘፈን ባዶ ነገር አድርጌ ነበር የምሰማው። የተገለጠልኝ ማታ ስመለስ ነው። ከፊቴ ተሳቢ ዳገቱን እየተንፏቀቀ ይወጣል፣ መቅደም አይቻልም፣ እኔም ቆም ሄድ እላለሁ። ያኔ ከፋይስት ድምፅ ሥር ሌሎች ድምፆች አንድ በአንድ ሲገቡ ሰማሁ። ሲገቡ አይታወቅም፣ ሞልተው ነው የሚገኙት። ይሄ ዘፈን እስካሁን አልሰለቸኝም።

አምስተኛው «ስታይ ሃፒ»ም ቆይቶ የሚጥም ነው። የምትዘፍነው ኤሪኤል ኤንግል ናት፤ ለስብስቡ አዲስ ገቢ ብትሆንም ከነባሮቹ አታንስም። ከሰባተኛው በኋላ ያሉት ሁለት ሦስቱ ግን ይንዛዛሉ። 12 ዘፈን፣ ከ50 ደቂቃ በላይ፤ አሥር ቢሆን ምን ነበረበት? ግጥሙም በድምፁ ክምር ውስጥ ይጠፋል። እንግሊዝኛው የማይከብደው ሰው እንኳ ግማሹን በግምት ነው የሚሰማው።

ሲዲው አሁን ሦስተኛው ዘፈን ላይ ይዘላል። አቧራውም የመንገዱ ንጠትም ሥራቸውን ሠርተዋል። ከዚያ በፊት ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ወስጄ ፍላሽ ላይ አስገልብጬው ነበር፤ ልጁ ቦታ እንዲቆጥብልኝ ብሎ በ128 ኪሎቢት አደረገው (ቁጥሩ ሲያንስ ፋይሉም ጥራቱም ይቀንሳል)። ለአንድ ዘፋኝና ለአንድ ክራር 128 ብዙም አይጎዳም። እንዲህ የተደራረበ ቀረጻ ላይ ግን ጉዳቱ ወዲያው ይሰማል፦ የከበሮው ሳህን እንደሚጠበስ ዘይት ይንጫጫል፣ ከኋላ ያሉት ድምፆች ተጨፍልቀው አንድ ይሆናሉ። በ320 ሲገለበጥ ተስተካከለ። በስልክ ስፒከርማ ባይሞከር ይሻላል። መብራት የጠፋ ማታ ሞክሬዋለሁ፤ ቤዙ ጠፍቶ ጩኸቱ ብቻ ቀረ። በጆሮ ማዳመጫ ግን ከመኪናዬም በልጦ ይሰማል።

እግረ መንገዴን፦ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ማንቸስተር ላይ የኮንሰርት ታዳሚዎች የተገደሉበት ፍንዳታ በደረሰ በማግሥቱ እነዚህ ሰዎች እዚያው ከተማ ዝግጅታቸውን ሳይሰርዙ ተጫውተዋል። የማንቸስተሩ ጊታሪስት ጆኒ ማርም መድረክ ላይ ወጥቶ አብሯቸው ነበር። ከክፉ ቀን በኋላ ተሰብስቦ መዝፈን ምን እንደሆነ ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሲዲ ማጫወቻ ከሌላችሁ ሲዲውን ከውጭ ማስላክ አያዋጣም፤ ፋይሉን የሚገዛላችሁ ዘመድ ፈልጉ። ከመጀመሪያው አትጀምሩ፤ ከሰባተኛው ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ አምስተኛው ተመለሱ። ሁለቱን ለሳምንት ሰምታችሁ ካልገቡላችሁ የቀሩት አሥሩም አይገቡላችሁም።