የዩኒቨርሲቲያችን ፖስትዶክ ኦፊስ፣ ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ

አሜሪካ ሚድዌስት ውስጥ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፖስትዶክ ነኝ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ በኮንትራት የሚሰራ ተመራማሪ፣ ቲቢ ላይ ነው የምሰራው፣ የግቢውን ስም አልጠራም ኮንትራቴ ገና አላለቀም ሃሃ። ኢንቦክስ እየገባችሁ "ፖስትዶክ ኦፊስ የሚባለው ነገር ይጠቅማል ወይስ ለስም ነው" የምትሉኝ ስለበዛችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሲጀመር አንደኛ ዓመቴን ሙሉ ኦፊሱን አልረገጥኩትም። ኢሜል ይመጣል፣ ወርክሾፕ አለ ፒዛ አለ ይላል፣ እኔ ላብ ውስጥ ተቀብሬ ዝም ብዬ ዴሊት ነው። ፒዛው ደግሞ ሁሌ ረቡዕ ነው፣ አይብ በአይብ ሆኖ በጾም ቀን ይቀርብላችኋል።

በሁለተኛው ዓመት ኬ99 ላመልክት ስል ነው ግድ ሆኖብኝ የሄድኩት። ኬ99 ለማታውቁት የኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ግራንት፣ ማለት የምርምር ገንዘብ ነው፣ እስከ 2 ዓመት በሜንተር ማለት በአማካሪ ስር ትሰራላችሁ ከዛ የራሳችሁን ላብ ስትከፍቱ እስከ 3 ዓመት ብሩ ይከተላችኋል፣ ዜግነት አይጠይቅም ለኛ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ግን እኔ ሳመለክት የፖስትዶክ ጊዜያችሁ ከ4 ዓመት ማለፍ የለበትም ነው የሚለው፣ ውድቅ ሆኖ ድጋሚ ስታስገቡም ያው ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ያቺ ፒዛ ዴሊት ሳደርግባት የከረምኩት ዓመት አሁን ድረስ ታንገበግበኛለች።

ምርጡ ነገር የራይቲንግ ግሩፑ ነው። ስፔሲፊክ ኤምስ የምትባለዋን፣ የምርምሩን ዓላማ የምትናገረዋን የማመልከቻውን አንድ ገጽ ይዤ ገባሁ፣ ሦስት ሳምንት የለፋሁባት ናት። የምታነብልን ጡረታ የወጣች ሳይንቲስት ናት፣ ዝም ብላ አነበበችና ሦስተኛው ፓራግራፍ መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአረንጓዴ እስክሪብቶ አሰመረችባት፣ ከዛ ቀስት ስባ እስከ ገጹ አናት ወሰደችው። "ወሬው ይሄ ነው፣ ለምን ደበቅከው?" አለችኝ። አልደበቅኩትም እኮ፣ እኛ ሰው ቤት ስንሄድ እንኳን የመጣንበትን ጉዳይ የምናወራው ቡናው ሦስተኛ ከደረሰ በኋላ ነው፣ ጽሑፌም እንደዛው ስለ ቲቢ ታሪክ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ነበር። ማመልከቻውን የሚገመግመው ሪቪወር ግን ሦስተኛ ድረስ አይቀመጥም።

ስታቲስቲክስ የሚያማክሩም አሉ በነጻ። በግሩፕ አምስት አይጥ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ልጅቷ "ምን ያህል ልዩነት ትጠብቃለህ?" አለችኝ፣ ነገርኳት፣ ላፕቶፑን ወደኔ አዞረችው፣ በግሩፕ 11 ያስፈልጋል ይላል። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ አንድ ዓመት ሙሉ በከንቱ ከመስራት አዳነችኝ።

ከላባችሁ ውጪ የሚመድቡላችሁ ሜንተር ግን እንደ እድላችሁ ነው። የመጀመሪያው ሁለቴ ቀጠሮ ሰርዞ ጠፋ። ሁለተኛዋ ጥሩ ናት፣ ግን እሷም ካልጠየቃችኋት ምንም አትላችሁም፣ አጀንዳ ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። ዝም አይነቅዝም እየተባለ ያደገ ሰው እዚህ ሀገር ቁጭ ብሎ ይነቅዛል። እሺ ዶክተር እሺ ፕሮፌሰር ስል ስድስት ወር አቃጥያለሁ።

አሁን ቅሬታዬ። አንደኛ፣ የፌሎውሺፕ ወርክሾፑ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ኤፍ32 የሚባለውን የኤንአይኤች ፌሎውሺፕ ሲያስረዱ ቆዩ፣ ኤፍ32 ለዜጋና ግሪን ካርድ ላለው ብቻ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ግማሾቻችን በቪዛ ነን፣ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሁለተኛ፣ ስለ ጄ1 ቪዛ ስጠይቅ "ኢንተርናሽናል ኦፊስ ሂድ" ብቻ ነው መልሱ። ሪሰርች ስኮላር ጄ1 ቢበዛ 5 ዓመት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሀገርህ ተመለስ የሚል ግዴታ አለበት፣ ዌቨር (ከግዴታው ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ) ካላገኙ ኤች1ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛም ግሪን ካርድም የለም፣ ይሄ የማንም ፖስትዶክ እቅድ መነሻ መሆን ነበረበት። ሦስተኛ አይዲፒ የሚሉት ፎርም አለ፣ ዓመታዊ እቅድ ሞልታችሁ ከፒአያችሁ ማለት ከላባችሁ አለቃ ጋር የምትወያዩበት ነው ተብሎ፣ የኔው ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳያነበው ፈረመ። ኦፊሱ ፊርማውን አይቶ ፋይል አደረገው፣ በቃ። ፒአያችሁ ከባድ ሰው ከሆነ ኦፊሱ ሻይ ጠጥቶ ከማዘን ውጪ አቅም የለውም።

ደሞዝም ላይ እንደዛው ነው። ብዙ ቦታ የሚነሱት ከኤንአይኤች ስኬል ነው፣ በፈረንጆቹ 2024 የጀማሪው 61,008 ዶላር ነበር፣ ኦፈር ሌተር ሲመጣላችሁ ሳትፈርሙ የዓመቱን አይታችሁ አስተያዩ።

አዲስ የምትገቡ በመጀመሪያው ወር ሂዱ፣ ኦሬንቴሽኑን ብትዘሉትም ግድ የለም፣ ራይቲንግ ግሩፑ ላይ ግን ተመዝገቡ ቦታው ቶሎ ይሞላል።

ኬ99ኙ? አልተሳካም፣ በገምጋሚዎቹ ስብሰባ ላይ ዲስከስ እንኳን አልተደረገም። ግን ከሪቪወሮቹ አንዱም ገጿ ላይ ወይ አይጦቹ ላይ ቃል አልተናገረም፣ ሁሉም የመቱኝ የትሬኒንግ ፕላኑ ላይ ነው። ድጋሚውን ለኖቬምበር 12 እያደረስኩ ነው፣ ረቡዕ ረቡዕ እዛው ነኝ፣ ሽሮዬን በሳህን ይዤ።