የዕርዳታ ገንዘብ ወይስ የቅሬ መዋጮ?

ወሎ ዕርዳታን በደንብ ያውቀዋል። የ1966ቱ ረሃብ ንጉሡን ከዙፋን ካወረዱት ምክንያቶች አንዱ ነው። በ1977 ደግሞ ኮረም ላይ የዓለም እህል ተራግፏል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የሚደርሰው ሴፍቲኔት አለ፤ አብዛኛው ገንዘቡ ከውጭ ነው የመጣው። በ2017 አሜሪካ የዕርዳታ ድርጅቷን ዩኤስኤአይዲን ስትዘጋ ታዲያ ጥያቄው የስንዴ ብቻ አይደለም። ወረዳውን ስለ ገንዘቡ ማን ይጠይቀዋል?

በዕርዳታ ሲሠራ ሪፖርቱ ወደ ላይ፣ ወደ ለጋሹ ይሄዳል። ኦዲት አለ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገበሬው ግን በጀቱን አያየውም። ስሙ ከተረጂዎች ዝርዝር ቢወጣ ለማን አቤት ይበል?

ቅሬን እዩት፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን። ያዋጣ ሰው አፍ አለው። ገንዘቡ ቢጎድል ቡና ላይ ይወራል፤ መሪው ፊት ለፊት ይጠየቃል። ግብርም እንዲህ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር! ከፋዩ ደረሰኙን ይዞ «መንገዱስ?» ይላል።

ግን ድርቅ ሲመጣ ቅሬተኛው ሁሉ አብሮ ይራባል። መዋጮው ከየት ይምጣ? ቀዳዳ ለመሙላት ኮምቦልቻ ያለችውን ትንሽ ሱቅ መጭመቅም መልስ አይደለም። እኔ ወደ ቅሬው አደላለሁ። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ላይ ግን ዕርዳታው ቀስ እያለ ቢወጣ ይሻለኛል።