የልጆች ታሪክ ለምትጽፉ፣ ምርጥ አርታኢ ልጠቁማችሁ

ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ የመጣሁት አንዲት የልጆች መጽሐፍ አርታኢ ላመሰግን ነው፣ በዛውም ለምትፈልጉ ልጠቁም።

እኔና ስዕሉን የሚስለው ጓደኛዬ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ታሪክ እየሰራን ነበር። ሁለት ጓደኛማቾች የወረቀት ጀልባ ሰርተው ውድድር ይገባሉ፣ ጀልባዋ ትሰምጣለች፣ ይጣላሉ፣ ከዛ ታርቀው እንደገና ይሰራሉ፣ በቃ ይሄው ነው። ፊደል ታርምልን ብለን ላክንላት፣ እሷ ግን የገባችበት ሌላ ቦታ ነው😅

ረቂቁ ላይ ታላቅ ወንድም መጥቶ "ወረቀቱን ሻማ ቀቡት" ብሎ ይነግራቸዋል። ዳር ላይ "ታዲያ ልጆቹ ምን ሰሩ?" ብላ ጻፈችበት። አሁን ወንድምየው የለም። ልጅቷ የሰመጠችውን ጀልባ አውጥታ ስታገላብጣት ሁሉም ቦታ ረጥቦ ተልፈስፍሷል፣ ማታ ሲሰሩ ሻማ የተንጠባጠበበት ቦታ ላይ ብቻ ውሃው ሳይገባ ድብልብል ብሎ ቁጭ ብሏል። መፍትሄው ከሰመጠችው ጀልባ ላይ ተገኘ ማለት ነው፣ እኔ እዚህ ጋ እጅ ሰጠሁ።

እርቁም ረጅም የይቅርታ ንግግር ነበረው፣ ሰረዘችው። "ብዬሽ ነበር እኮ" ብሎ ስቆባት የሄደው ጓደኛዋ ከደብተሩ መሀል ሁለት ገጽ ገንጥሎ ይመጣና አጠገቧ ቁጭ ይላል፣ አለቀ። ልጆች እንዲህ አይደል እንዴ የሚታረቁት?

ደግሞ ስለ ህትመትም ታውቃለች። የስዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ትልቁ ወረቀት ሲታጠፍ ገጹ በ8 ወይ በ16 ስለሚወጣ ነው፣ ይሄን አስረድታን ታሪኩን በገጽ በገጽ ከፋፈለችልን፣ ጀልባዋ የምትሰምጠውም የሚያነበው ልጅ ገጹን ሲገልጥ እንዲሆን አደረገች፣ እዛ ሁለት ገጽ ላይ ስዕል ብቻ እንጂ አንድም ቃል የለም። መጨረሻ ላይ የነበረችውን ምክርም አጠፋቻት፣ ጓደኛዬ ትንሽ ተከራክሮ ነበር ግን እኔ ከሷ ጋር ነኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት፣ "ቆንጆ ነው" እንድትላችሁ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ይቅርባችሁ። ስራም አታጣድፍም፣ ግን ባለችው ቀን ታስረክባለች፣ ያልገባችሁን ደውላችሁ ብትጠይቁ አትሰለችም። እህቴ በጣም አመሰግናለሁ🙏

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝና እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትልኩላት ጽሁፉን ብቻ ላኩ፣ ስዕል ከመጀመራችሁ በፊት ብታየው ሁለት ጊዜ ከመሳል ትድናላችሁ።