የፔኒ ጥቅል ወይስ የሃፍ ዶላር?

አሜሪካ ውስጥ ከባንክ ጥቅል ሳንቲም ወስዶ ብርቅዬ ለሚፈልግ ጀማሪ የቱ ይሻላል?

ፔኒ (ባለ አንድ ሴንት ሳንቲም)፦ የጥቅሉ ዋጋ 50 ሴንት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1958 የተሠራው ከጀርባው ሁለት የስንዴ ዘለላ አለው፤ ልጅም ይለየዋል። በ2025 ለገበያ መሠራቱ ስለቆመ ግን እንደ ድሮው ላይገኝ ይችላል።

ሃፍ ዶላር (ባለ ግማሽ ዶላር ሳንቲም)፦ ጥቅሉ 10 ዶላር፣ 20 ፍሬ። ብዙ ቅርንጫፎች ስለማይይዙት ማዘዝ ሊያስፈልግ ይችላል። እኔ ግን የምወደው ይሄንን ነው። የ1964 ሳንቲም 90 በመቶው፣ ከ1965 እስከ 1970 ያሉት ደግሞ 40 በመቶው የብር ማዕድን ነው። ጠርዙን እዩ፤ ቀላ ያለው የመዳብ መስመር ጎልቶ ካልታየ ዓመቱን አንብቡ።

የተረፈውን ባንክ በሙሉ ዋጋው ይቀበላል። ከወሰዳችሁበት ቅርንጫፍ አትመልሱ፤ ያያችሁት ተመልሶ ይደርሳችኋል። ከልጆች ጋር ለመፈለግ ፔኒ፣ ለብር አዳኝ ሃፍ ዶላር።