ቢጫ ሁን ያልኩት ማውስ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ማክሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሬ እንደተዘጋ ነበር፤ ማውሱ ግን በርቶ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያፈራረቀ የክፍላችንን ግድግዳ ሲቀባው አገኘሁት። ቢጫ ሆኖ እንዲቀመጥ ካዘዝኩት ስምንት ወር ሆኖታል። በእነዚህ ወራት ስንት ጊዜ እንደረሳና ስንት ጊዜ እንዳስታወስኩት መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ዕቃውን የገዛሁት በመስከረም፣ ስታዲየም አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር መደብሮች በአንዱ ነው። ሻጩ ገና ከካርቶኑ ሳያወጣው «16 ሚሊዮን ቀለም አለው» አለኝ። አልዋሸም፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ባለው ልክ ስለሚስተካከሉ፣ ሦስቱ ሲቀላቀሉ 16,777,216 ዓይነት ቅንብር ይሰጣሉ። እኔ የፈለግሁት ግን አንዱን ብቻ ነበር፤ ወቅቱ መስከረም ነውና የአደይ አበባን ቢጫ። እሱን ማግኘቱ ራሱ አንድ ምሽት ፈጀብኝ። በስክሪን ላይ ቢጫ የሚባለው ቀይና አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 0 ሲሆኑ ነው፤ ይህንኑ ለማውሱ ብሰጠው ያልበሰለ ሎሚ መሰለ። የሰው ዓይን አረንጓዴን ብርሃን ከቀዩ አጉልቶ ስለሚያይ፣ አረንጓዴውን ጥቂት በጥቂት እየቀነስኩ 150 ላይ ሳደርሰው አደይ አበባ ሆነ። ጎረቤት ጠርቼ እስከማሳየት ደርሻለሁ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ማውስ የተመረጠለትን ቀለም የሚያስቀምጥበት የራሱ ማኅደረ ትውስታ የለውም። ቀለሙን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ሲሆን፣ እሱም የይለፍ ቃሌን አስገብቼ ዊንዶውስ እስኪከፈት ድረስ ሥራ አይጀምርም፤ እስከዚያው ማውሱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቀስተ ደመና ያፈራርቃል። ጥፋቱ የአምራቹ ፕሮግራም ይሆናል ብዬ፣ የብዙ አምራቾችን መብራት በአንድነት የሚያስተዳድረውን ኦፕንአርጂቢ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ማውሱን አወቀው፤ ቢጫውንም ሰጠው፤ ቅንብሩን መሣሪያው ውስጥ ለማስቀመጥ የሚያገለግለው ቁልፍ ግን ደብዝዞ አልጫንም አለ። ሻጩ ያልነገረኝን የነገረኝ ያ ቁልፍ ነው።

ሻጩ እዚህ ቢኖር «ወንድሜ፣ ማውስ እኮ ነው፤ እጅህ ውስጥ ይገባል፣ ይታዘዛል፣ ሌላ ምን ፈለግህ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ይታዘዛል፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን መብራት ከሌለው አቻው አስበልጦ ያስከፈለኝ በመብራቱ ምክንያት ከሆነ፣ በመብራቱ ልጠይቀው መብቴ ነው። ማጣራቱ እንኳ ቀላል ነበር፦ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን መርጦ፣ ነቅሎ፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት። ቀለሙ ከቆየ ማኅደረ ትውስታ አለው ማለት ነው። ሱቁ በኮምፒውተር ተሞልቶ ነበር፤ ያላሰብኩት እኔ ነኝ።

የሌሊቱ ማብራት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ዴስክቶፖች ተዘግተውም እንኳ ከሶኬት እስካልተነቀሉ ድረስ ለዩኤስቢ መሰኪያዎቻቸው 5 ቮልት መስጠታቸውን አያቆሙም። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ፣ ባለአንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ፣ ቀስተ ደመናው የሚያርፈው እናቴ አልጋ ራስጌ ላይ ነው። እሷን ያሳሰባት ቆጣሪው ነበር። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ እንደሚሰጥ ባስረዳትም፣ «ታዲያ ሰው ተኝቶ ለማን ነው የሚያበራው?» ለሚለው ጥያቄዋ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት በሚገኘው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ፣ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ለዩኤስቢ የሚሄደውን ኃይል የሚያቋርጠውን ኢአርፒ የተባለ ምርጫ አበራሁ። ክፍሉ ጨለመ። በዚያው ንዴት ማውሱን በግማሽ ዋጋ ለመሸጥ ፎቶ ሁሉ አንስቼ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቴ «ያ መብራትህ ምን ነካው?» አለችኝ። ለካ ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት በሚጠፋባቸው ሌሊቶች፣ መብራት መምጣቱን የምታውቀው ተነሥታ ማብሪያውን እየሞከረች ሳይሆን፣ ተኝታ ግድግዳው ላይ በምታየው ቀስተ ደመና ኖሯል። እኔ ካጨለምኩት ወዲህ አንዱን ሌሊት መብራት መጥቶ ሳታውቅ አድራ፣ ሊጡ ኮምጥጦባታል። ኢአርፒውን መልሼ አጠፋሁ፤ ፎቶዎቹንም ሰረዝኩ።

ማክሰኞ ሌሊት ቀለሙን ወደ ቢጫ ልመልስ ብዬ ኮምፒውተሩን ለመክፈት ስነሣ፣ «ተወው እስቲ፤ እሱ ደግሞ ምን አደረገህ?» አለችኝ። ምጣዱን ሰክታ እያሰሰች ነበር።