ቱሉ ዲምቱ ታክሲ መጫኛው ጀርባ ያለችው ፎቶኮፒ ቤት

ከወፍጮ ቤቱ ቀጥላ ያለችው የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ታፔላ የላትም። ሰው የሚያውቃት ለፎቶኮፒና ለፎርም ማስሞላት ነው። እኔ ግን ባለውለታዬ ናት።

የካናዳ ቋሚ ነዋሪነቴ የጸደቀልኝ ሰኔ 2012 ነው፤ ኮሮና አገራችን በገባ በሦስተኛው ወር። የነርስነት ሥራዬን ለቅቄ፣ አልጋና ፍሪጄን ሸጬ እናቴ ቤት ፍራሽ ላይ እተኛ ነበር። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፣ በኮሮና ምክንያት ግን መሄድ የለም። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ልዩ ማለፊያ አወጣልሻለሁ» ብሎ 40 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ግማሹን በቦርሳዬ ይዤ ነው ወረቀቱን ኮፒ ላደርግ እዚች ቤት የገባሁት።

ልጅቷ ማሽኑ ላይ ከማስቀመጧ በፊት አነበበችው። ከሃይላንድ ላስቲክ ሳኒታይዘር አፈሰሰችልኝና የካናዳ ኢሚግሬሽንን ገጽ ከፍታ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ማስመሪያ አስደግፋ መስመሩን አሳየችኝ። «ማርች 18 ማለት መጋቢት 9 ነው። እስከዚያ ቀን የጸደቀለት ይገባል። ያንቺ ሰኔ ነው፤ ትጠብቂያለሽ። ይህን ቀን የሚቀይር ደላላ የለም፣ እህቴ። ብርሽን ያዢ።» የኮፒውን 5 ብር ብቻ ተቀበለችኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ገንዘቤ ግን ተረፈ።

ጥር 2013 ላይ ወረቀቱ ጊዜው አለፈ፤ የጤና ምርመራው የሚያገለግለው ለ12 ወር ነበርና። እንደገና ልመርመር ስል «ሳይጠይቁሽ አትክፈይ» ብላ በካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ፎርም ላይ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ሰኔ 14 ቀን 2013 የጸና ወረቀት ላለው ሁሉ መንገዱ ሲከፈት ከእኔ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት፤ ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ ደወለችልኝ። ወረቀቴ ታድሶ የበረርኩት ጥቅምት ላይ ነው።

ጉድለት አላት። ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ አትደማመጡም። ስካነሯም ቀርፋፋ ነው።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ጎራ አልኩ። ከፊቴ የቆመው ልጅ ፓስፖርቱን ሲሰጣት ገልጣ የሚያበቃበትን ቀን ታነብ ነበር። የምትሄዱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል።